ሲፕሮ ከመጀመራችሁ በፊት ከምን ጋር እንደሚጋጭ እንዴት ታጣራላችሁ

ሲፕሮፍሎክሳሲን ከታዘዘላችሁ ወይም ቤት ውስጥ የታዘዘለት ሰው ካለ የመጀመሪያዋ ኪኒን ከመዋጧ በፊት ይሄን አንብቡት። ሲፕሮ ጠንካራ አንቲባዮቲክ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደበት ከ1987 ጀምሮ በኩላሊት፣ በአንጀትና በአጥንት ኢንፌክሽን የተያዘ ስንቱን ሰው አድኗል፣ ግን ከሁሉም ነገር ጋር ዝም ብሎ የሚስማማ መድሃኒት አይደለም። ከሌላ መድሃኒት ጋር ይጋጫል፣ ከዚህ በፊት ካለባችሁ በሽታ ጋርም ይጋጫል፣ እና ብዙ ጊዜ ችግር የሚያመጣው ሰው እንደ መድሃኒት ስለማይቆጥረው ለሀኪሙ ሳይነግረው የቀረ ነገር ነው፣ የጨጓራ ማስታገሻ፣ የብረት ኪኒን፣ ቫይታሚን፣ ለወገብ ህመም አልፎ አልፎ የምትዋጥ ኪኒን፣ ቡና ሳይቀር።

የምጽፈው ስለ ሲፕሮ ነው ግን ከዚህ ውስጥ ብዙው ለዘመዶቹም ይሰራል። ስማቸው "ፍሎክሳሲን" ብሎ የሚያልቅ፣ ሌቮፍሎክሳሲን፣ ሞክሲፍሎክሳሲን፣ ኖርፍሎክሳሲን፣ ኦፍሎክሳሲን፣ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ስለዚህ አንዱ አለርጂ የሆነበት ሰው ሌላኛውንም ሳይናገር እንዳይወስድ።

መጀመሪያ ሊስት ጻፉ

ሀኪሙ "ሌላ የምትወስደው መድሃኒት አለ?" ሲል በአፍ ከመመለስ የተጻፈ ነገር ማሳየት በጣም ይሻላል፣ ምክንያቱም የታመመ ሰው ይረሳል፣ ይቸኩላል። ወረቀት ላይም ስልክ ላይም ይሁን በየቀኑ የምትወስዱትን ሁሉ ከነሚሊግራሙ ጻፉ፣ ከዛ ሲያማችሁ ብቻ የምትውጡትን፣ የምትወጉትን፣ የምትስቡትን፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የገዛችሁትን፣ ቫይታሚኑንና የሚጠጣውን ዱቄት ጨምሩበት። ከስሩ ደግሞ በሽታዎቻችሁን ጻፉ፣ የድሮውንም ጭምር። በልጅነት የነበረ የሚጥል በሽታ፣ ከአመታት በፊት የተጎዳ ጅማት፣ ቤተሰብ ውስጥ ትልቁ የደም ቧንቧ ያበጠበት ሰው ካለ እሱም ይጻፍ፣ ለሲፕሮ እነዚህ ሁሉ ቁም ነገር ናቸው። ወደ ሀኪም ያስኬዳችሁ ቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ሳይነስ ወይም ብሮንካይተስ ብቻ ከሆነ ደግሞ "ሌላ አማራጭ የለም ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ የአሜሪካው የመድሃኒት ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት ኤፍዲኤ በ2016 ለእነዚህ ቀለል ያሉ ኢንፌክሽኖች ሌላ አማራጭ እያለ ይሄ ቤተሰብ እንዳይታዘዝ መክሯል፣ ጥያቄው የድፍረት አይደለም መብታችሁ ነው።

ከጨጓራ ማስታገሻ፣ ከብረት፣ ከካልሲየምና ከዚንክ ጋር

ይሄን አስረዝሜ የምጽፈው በጣም የተለመደ ግጭት ስለሆነና በሰአት ማስተካከል ብቻ የሚፈታ ስለሆነ ነው። ሲፕሮ ከብረት፣ ከካልሲየም፣ ከማግኒዚየም፣ ከአሉሚኒየምና ከዚንክ ጋር ሆድ ውስጥ ሲገናኝ ይጣበቅባቸዋል፣ የተጣበቀው ደግሞ በአንጀት ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ አይገባም፣ ከሰገራ ጋር ይወጣል በቃ። ሰውየው መድሃኒቱን በሰአቱ እየዋጠ ነው፣ ደሙ ውስጥ ያለው መጠን ግን ባክቴሪያውን ለመግደል አይበቃም፣ ትኩሳቱ አይወርድም፣ ከዛ "መድሃኒቱ አልሰራልኝም" ይባልና ወደ ባሰ ጠንካራ መድሃኒት ይኬዳል። ባክቴሪያው ሳይሞት ከመድሃኒቱ ጋር እየተላመደ መሄዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

የማስታገሻ ሽሮፕና የሚታኘክ አንታሲድ አብዛኛው ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየም ወይም ካልሲየም አለበት፣ መልቲቫይታሚን ውስጥ ብረትና ዚንክ አለ፣ ለነፍሰ ጡርና ለደም ማነስ የሚሰጠው ብረት ነው፣ ለጨጓራ ቁስለት የሚሰጠው ሱክራልፌት አሉሚኒየም አለው፣ ለኩላሊት ህመምተኛ ፎስፌት ለመቀነስ የሚሰጡት ሴቬላመርና ላንታነምም እዚሁ ይገባሉ። ህጉ እንዲህ ነው፣ ሲፕሮውን ከእነዚህ 2 ሰአት ቀድማችሁ ወይም እነሱን ከወሰዳችሁ ከ6 ሰአት በኋላ ዋጡት።

በሰአት ሳሰላው፣ ሲፕሮ በቀን ሁለት ጊዜ ጠዋት 1 ሰአትና ማታ 1 ሰአት የምትወስዱ ከሆነ ብረቱን መውሰድ የምትችሉት ከጠዋቱ 3 ሰአት እስከ ቀኑ 7 ሰአት ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው፣ ከ7 ሰአት ካለፈ ለማታው ሲፕሮ 6 ሰአት አይሞላም። ስልክ ላይ አላርም ሙሉ፣ በግምት አይሆንም። አንታሲዱን በቀን ሶስት አራት ጊዜ የሚወስድ ሰው ግን በዚህ ሰሌዳ ሊሄድለት አይችልም፣ እሱ ሀኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቆ ለጊዜው ወደ ኦሜፕራዞል ወይም ፋሞቲዲን ቢቀይር ይሻለዋል፣ እነዚህ ብረታ ብረት ስለሌላቸው ከሲፕሮ ጋር አይጣበቁም። ቫይታሚንና ብረትም ቢሆን ሲፕሮው እስኪያልቅ ለጥቂት ቀን ቢቆም ብዙ ጊዜ ምንም አይጎዳም፣ ግን ያዘዘላችሁን ሰው ጠይቃችሁ።

ወተትስ? ሲፕሮን በወተት ወይም በእርጎ ብቻ ማወራረድ አይሆንም፣ ካልሲየም የተጨመረበት ጁስም እንደዛው። ምግብ ላይ ሆናችሁ ምግቡ ውስጥ ወተት ነገር ቢኖርበት ግን ችግር የለውም፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ውሃ በደንብ ጠጡ፣ ሲፕሮ ሽንት ውስጥ ክሪስታል ሊሰራ ስለሚችል ውሃው ለኩላሊትም ይጠቅማል።

ጉበት ላይ የሚፈጠረው ግጭት

ጉበት ውስጥ የተወሰኑ መድሃኒቶችን የሚፈጭ ሲዋይፒ1ኤ2 የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ሲፕሮ ይሄን ኢንዛይም ይይዘዋል። ያኔ በዛ ኢንዛይም መወገድ የነበረበት መድሃኒት ሳይወገድ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሰውየው የወሰደው ያንኑ የለመደውን መጠን ነው፣ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ግን ብዙ እጥፍ።

እዚህ ላይ በፍጹም አብሮ የማይወሰደው ቲዛኒዲን ነው፣ የጡንቻ ማፍታቻው፣ ለወገብና ለአንገት ህመም የሚሰጠው። ከሲፕሮ ጋር ሲወሰድ በጥናት እንደታየው ሰውነት የሚያገኘው የቲዛኒዲን መጠን ወደ 10 እጥፍ ያድጋል፣ ደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰው እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ሲነሳ ይወድቃል። በትንሽ መጠንም ልሞክረው የሚባል ነገር አይደለም። መሳቢያ ውስጥ የቀረች የድሮ ኪኒን ስለምትሆን ሰው አያስታውሳትም፣ ሊስቱን የግድ ጻፉ ያልኩት ለዚህም ነው።

ሁለተኛው ቲዮፊሊን ነው፣ አሚኖፊሊንም ያው ነው፣ ለአስምና ለሳንባ በሽታ የሚሰጠው። መጠኑ ሲጨምር ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥ፣ ከዛም ራስን ስቶ መንዘፍዘፍ ይመጣል፣ በዚህ ግጭት የሞቱ ሰዎች አሉ። ሌላ አንቲባዮቲክ ቢገኝ ይሻላል፣ የግድ ከሆነ ቲዮፊሊኑ ተቀንሶ በደም ምርመራ እየታየ ነው መሄድ ያለበት። የሚሳበው ሳልቡታሞል በዚህ መንገድ አይጠራቀምም፣ በእሱ አትደናገጡ።

ለአእምሮ ህመም የሚሰጡት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን፣ ለድብርት የሚሰጠው ዱሎክሲቲንና ለፓርኪንሰን የሚሰጠው ሮፒኒሮልም በዚሁ መንገድ ይጨምራሉ። ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ታሞ ሆስፒታል ሲገባ ሲጋራ ካቆመ ደግሞ ነገሩ ይደራረባል፣ የሲጋራ ጭስ ይሄን ኢንዛይም ያፈጥነው ስለነበር ጭሱ ሲቀር ክሎዛፒኑ በራሱ ይጨምራል፣ ላዩ ላይ ሲፕሮ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ሁለት ምክንያት ይሆናል፣ አስታማሚ የሆናችሁ ይሄን ለሀኪሙ ንገሩት።

ቡናም እዚሁ ነው። ካፌይን የሚወገደው በዚሁ ኢንዛይም ስለሆነ ሲፕሮ ላይ ሆናችሁ የለመዳችሁትን ያህል ቡና ብትጠጡ ልብ ምት፣ የእጅ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። የግድ አቁሙ አይባልም፣ ቀንሱ። ኢነርጂ ድሪንክና አንዳንድ የጉንፋንና የራስ ምታት ኪኒኖችም ካፌይን አለባቸው።

የስኳር ህመምተኞች

ይሄን ሰው ቀለል አድርጎ ያየዋል፣ ቀላል ግን አይደለም። ሲፕሮ እንደ ግሊቤንክላሚድ ወይም ግሊሜፒራይድ ያለ የስኳር ኪኒን ከሚወስድ ሰው ወይም ኢንሱሊን ከሚወጋ ሰው ጋር ሲገናኝ ስኳርን በአንድ ጊዜ ሊያወርድ ይችላል፣ በተለይ እድሜ የገፋና ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ። ኤፍዲኤ በ2018 በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያውን አጠንክሯል፣ ኮማ ውስጥ የገቡ ሰዎች ስለነበሩ። አንዳንዴ ደግሞ ስኳሩን ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ስለዚህ ሲፕሮ ላይ እስካላችሁ ድረስ ስኳራችሁን ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ለኩ፣ የምግብ ፍላጎት ከሌላችሁ ደግሞ ይበልጥ፣ ምክንያቱም ታሞ ሳይበሉ ኪኒኑን ብቻ መዋጥ ለብቻውም ስኳር ያወርዳል።

ላብ ላብ ካላችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ድንገት ከራባችሁ፣ ነገር ከተምታታባችሁ ወዲያው ለኩ፣ መለኪያ ከሌለ ወርዷል ብላችሁ 15 ግራም የሚያህል ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እዩት። ለግፊት ወይም ለልብ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ላይሰማው ይችላል፣ ላቡ ግን ይመጣል፣ እሱን ምልክት አድርጉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም ነገር አትጨምሩ፣ በቀጥታ ወደ ህክምና።

ደም ማቅጠኛ፣ ልብና የሚጥል በሽታ

ዋርፋሪን የምትወስዱ ሲፕሮ ደማችሁን ከሚፈለገው በላይ ሊያቀጥነው ይችላል። ደም ምን ያህል እንደቀጠነ ለሚያሳየው አይኤንአር ምርመራ የወሩን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሲፕሮ ከጀመራችሁ በ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን አካባቢ ይታይ፣ ሲፕሮው ካለቀም በኋላ እንደገና። ድድ መድማት፣ ያለ ምክንያት መበለዝ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ቀይ ሽንት ካያችሁ በዛው ቀን ሂዱ።

ልብ ላይ ያለው ነገር ኪውቲ ይባላል፣ የልብን ኤሌክትሪክ በሚያሳየው ኢሲጂ ምርመራ ላይ የሚለካ ርቀት ነው፣ ከመጠን በላይ ሲረዝም የልብ ምት ይዘበራረቃል፣ ሰው ድንገት ሊወድቅ ይችላል። ሲፕሮ ለብቻው ብዙ አያረዝመውም፣ ከቤተሰቡ ሞክሲፍሎክሳሲን ነው የባሰው፣ ግን አሚዮዳሮን፣ ሶታሎል፣ ሃሎፔሪዶል፣ ሲታሎፕራም፣ ሜታዶን፣ አዚትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ ፍሉኮናዞል፣ ለወባ የሚሰጡት ሉሜፋንትሪንና ኩዊኒን፣ ለቲቢ የሚሰጠው ቤዳኩዊሊን ሁሉም ኪውቲ የሚያረዝሙ ናቸው፣ ሲደራረቡ ነው አደጋው። ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም እንደ ፉሮሴማይድ ያለ የሚያሸና መድሃኒት ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሲያወርድ ደግሞ ይብሳል። ከዚህ ስም ዝርዝር ውስጥ አንዱ ካለባችሁ ኢሲጂ ያስፈልገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ስትሮክ የነበረበት ሰው ሲፕሮ ላይ የመጣል እድሉ ይጨምራል። ፌኒቶይን የሚወስድ ከሆነ የፌኒቶይኑ መጠን ሊወጣም ሊወርድም ስለሚችል በደም መታየት አለበት። ህመም ማስታገሻም ላይ ተጠንቀቁ፣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይነቶቹ ከዚህ መድሃኒት ጋር አእምሮን ለመንዘፍዘፍ ሊገፋፉ ይችላሉ ተብሎ ይጠረጠራሉ፣ ፓራሲታሞል ግን አይጋጭም፣ ለትኩሳትም ለህመምም እሱን ውሰዱ። ለካንሰር ወይም ለመገጣጠሚያ ሜቶትሬክሴት የምትወስዱ ኩላሊት እንዳያስወጣው ሲፕሮ ስለሚይዘው ሳትናገሩ አትጀምሩ፣ ሳይክሎስፖሪንም እንደዛው፣ ሲልዴናፊልም በእጥፍ አካባቢ ይጨምራል።

ጅማት

ስለ ጅማት ሰው ሳይነገረው ነው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው፣ ይሄ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ከጠፋ በኋላ መመለሱ ረጅም ነው። ይሄ የመድሃኒት ቤተሰብ ጅማትን ያዳክማል፣ ከሁሉም በላይ ከተረከዝ ወደ ላይ የሚወጣውን ወፍራሙን ጅማት፣ አንዳንዴም የትከሻንና የእጅን፣ እስከ መበጠስ ድረስ። ኤፍዲኤ በ2008 በጥቁር ሳጥን ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም መድሃኒት ላይ በሚጻፈው ከሁሉም ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ያስገባው እሱን ነው። አደጋው የሚጨምረው እድሜው ከ60 በላይ በሆነ ሰው፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የመሰለ ስቴሮይድ በሚወስድ ሰው፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ንቅለ ተከላ ባደረገ ሰው ላይ ነው፣ ሁለቱ ሲገጥሙ ለምሳሌ የ70 አመት አስም ያለባቸው እናት ፕሬድኒሶሎን እየወሰዱ ሲፕሮ ሲታዘዝላቸው "ሌላ መድሃኒት ይኖራል ወይ" ብሎ መጠየቅ የልጅ ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ቀን ውስጥም ሊመጣ ይችላል፣ ካቆሙ ከወራት በኋላም። ተረከዝ በኩል ህመም ወይም እብጠት ከተሰማችሁ "ያልፋል" ብላችሁ አትራመዱበት፣ ሲፕሮውን አቁሙ፣ እግሩን አሳርፉና በዛው ቀን ለሀኪም ደውሉ። ሲፕሮ ላይ ሆኖ ጂም መስራትና መሮጥም ይቅር።

ከየትኛው በሽታ ጋር አይሄድም

ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ያለበት ሰው ሲፕሮ አይወስድም፣ መተንፈሻ ጡንቻ ድረስ ሊያደክም ይችላል፣ ከ2011 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ትልቁ የደም ቧንቧ አኦርታ ያበጠበት ወይም ማርፋን ሲንድረም የሚባል የደም ቧንቧን የሚያላላ የዘር በሽታ ያለበት ሰውም ሌላ አማራጭ ጨርሶ እስካልጠፋ ድረስ አይሰጠውም፣ ድንገተኛ ከባድ የደረት፣ የጀርባ ወይም የሆድ ህመም ቢመጣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ያነሰው ሰው ቀይ የደም ሴሉ ሊፈርስበት ይችላል፣ አይን ቢጫ ሲሆንና ሽንት ሲጠቁር ይታወቃል። ከዚህ በፊት እጅ እግሩን የሚያደነዝዘው፣ የሚያቃጥለው ሰውም ይናገር፣ የነርቭ ጉዳቱ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሰው ጭንቀት፣ ቅዠት፣ የሌለ ነገር ማየት ከጀመረም ምክንያቱ መድሃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ ቤተሰብ ነው ቀድሞ የሚያየው።

ኩላሊት የደከመ ሰው ሲፕሮ አይከለከልም ግን መጠኑ ይስተካከላል። ኩላሊት የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን 250 ወይም 500 ሚሊግራም በየ12 ሰአቱ መሆኑ ቀርቶ በየ18 ሰአቱ ይሆናል፣ ዳያሊሲስ ላይ ላለ ደግሞ በየ24 ሰአቱ፣ ከዳያሊሲሱ በኋላ። ማዘዣው ላይ በቀን ሁለቴ የሚል ካያችሁና ኩላሊታችሁ እንደደከመ ካወቃችሁ ፋርማሲስቱ እንዲያጣራ አድርጉ።

ረጅም ሳል ያለበት፣ ማታ ማታ የሚያልበው፣ የከሳ ሰው ሲፕሮ በግምት መጀመር የለበትም፣ ይሄ ቤተሰብ የቲቢን ባክቴሪያ በከፊል ስለሚመታ ምልክቱን ለጊዜው አደብዝዞ ምርመራውን ሊያዘገይ ይችላል፣ መጀመሪያ አክታ ይመርመር። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ህጻን ላይ ደግሞ ሌላ አማራጭ ካለ እሱ ነው የሚቀድመው፣ ይሄን ሀኪም ይወስን።

ብዙ ሴቶች የሚጠይቁትን ልመልስ፣ ሲፕሮ የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ስራ ያጠፋል የሚባለው ማስረጃ የለውም፣ ያንን የሚያደርገው የቲቢ መድሃኒቱ ሪፋምፒሲን ነው። ከባድ ትውከት ወይም ተቅማጥ ካለ ግን ኪኒኗ ራሷ ሳትገባ ልትወጣ ስለምትችል ተጨማሪ መከላከያ ተጠቀሙ።

እየወሰዳችሁና ከጨረሳችሁ በኋላ

ከላይ ያለውን አንብባችሁ ደንግጣችሁ ሲፕሮውን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ ግጭት ካገኛችሁ መጀመሪያ ስልክ ነው፣ አብዛኛው በሰአት ወይም በመጠን ይስተካከላል። ሳትጠይቁ ማቆም ያለባችሁ የጅማት ህመም፣ የእጅ እግር መደንዘዝ፣ ሽፍታና የፊት እብጠት፣ የመተንፈስ ችግር፣ መንዘፍዘፍ፣ ራስን መሳት ወይም የአይን ቢጫ መሆን ሲመጣ ነው፣ ያኔ አቁማችሁ ወደ ህክምና።

ሲፕሮ ኩላሊቱ ደህና በሆነ ሰው ላይ በየ4 ሰአቱ አካባቢ በግማሽ ስለሚቀንስ ከመጨረሻዋ ኪኒን በኋላ በአንድ ቀን ገደማ ከደም ይወጣል፣ የቀነሳችሁት ቲዮፊሊን፣ ተቀንሶ ከነበረም ዋርፋሪኑ፣ ያኔ ወደ ድሮው መጠን መመለስ ይኖርበታል፣ ይሄን ቀን ቀድማችሁ ከሀኪሙ ጋር ቁረጡት፣ ካልሆነ ደግሞ በተቃራኒው መድሃኒት ያንሳችኋል። ውሃ የመሰለ ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ግን ከጨረሳችሁ እስከ 2 ወር ድረስ ሊመጣ ይችላል፣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ሎፔራማይድ የሚባለውን የተቅማጥ ማቆሚያ ውጣችሁ አትዝጉት፣ ሂዱና "ሲፕሮ ወስጄ ነበር" በሉ፣ መቼ እንደወሰዳችሁም ጨምራችሁ።